የኢልሃም ኮርሳ

ሰኞ ሰኞ ሰዒዳን ከሚሴ ላይ የሚያገኛት የለም፤ ባቲ ገበያ ናት። በማለዳው ሚኒባስ ኮምቦልቻ ትወጣለች፣ ከዚያ በሌላ መኪና ወደ ቆላው ትወርዳለች፣ ከጅቡቲ በኩል የገባውን ሻሽና ድሪያ የሚሉትን ስስ ቀሚስ በጅምላ ትሸምታለች፤ የቀረውን ሳምንት ደግሞ ከሚሴ ገበያ ውስጥ ባላት መደብ ትቸረችረዋለች። ባሏ ሙሀመድአሚን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሎግያ ላይ ሌላ አግብቶ እዚያው ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ለሰዒዳ የቀረቻት አንዲት ልጅ፣ ኢልሃም ናት።

ኢልሃም አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ማስረሻ ሰዒዳ መደብ ድረስ መጣ። ማስረሻ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆች ሰብስቦ በጨፋ ሮቢት መንገድ ብስክሌት የሚያስነዳ ሰው ነው።

«እት ሰዒዳ፣ ልጅዎ እግር አላት» አላት።

«ሁለት አላት፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ሰዒዳ ሻሽ እያጠፈች።

ማስረሻ ሳቀ። «ቀልዴን አይደለም። ትናንት ያን የትምህርት ቤቱን የብረት ክምር እየነዳች ወንዶቹን ሁሉ ጥላቸው ሄደች። ደህና ኮርሳ ብታገኝ ደሴ ወስጄ አወዳድራታለሁ።»

ኮርሳ የሚሉት ጎማው የቀጠነውን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈውን የእሽቅድድም ብስክሌት ነው። ሰዒዳ እስከዚያን ቀን ድረስ ብስክሌት ሁሉ አንድ ይመስላት ነበር። እሺም እንቢም ሳትል ሸኘችው። ማታ ልጇ እግሯ ሥር መጥታ ቁጭ ስትል ግን፣ ምን ልትል እንደመጣች ገብቷት ስለነበር፣ «ሰው ምን ይለናል?» ብቻ አለቻት።

«ሰውማ አባባ ጥሎን ሲሄድም ብሏል» አለች ኢልሃም። «ብሎ ብሎ ደከመው፤ ተወው።»



ሰዒዳ በሚቀጥለው ሰኞ ባቲ ላይ ጨርቋን ከሸመተች በኋላ ኑርሁሴን ዘንድ ጎራ አለች። ኑርሁሴን ከባሕር ማዶ ተጠቅመውበት የተላከ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ የሕፃን ጋሪ፣ የማይታወቅ ማሽን፣ ሁሉም ከድንኳኑ ሥር ተቆልሎ ይገኛል።

«አካም ቡልቴ፣ ሰዒዳ?» አላት በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርሽ ሲላት።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። ኮርሳ አለህ?»

ኑርሁሴን ግራ ተጋብቶ አያት። ከዚያ ከፍራሾቹ ጀርባ ገብቶ አመድማ ሰማያዊ ብስክሌት አወጣና በሁለት ጣቱ ከመሬት አንጠለጠለው። «አልሙኒየም ነው። ዝገት የሚባል አያውቅም። ለማን ነው፣ ለወንድምሽ ልጅ?»

«ለልጄ።»

«ለኢልሃም?» አለና ብስክሌቱን አስጠግቶላት፣ «አላህ ያሳድግልሽ» አላት። ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉን በድሪያ አድርጋ ወሰደችው። ከሚሴ እስክትደርስ መኪናው በቆመ ቁጥር እየወረደች ጣራው ላይ መኖሩን ታይ ነበር።

ማስረሻ ብስክሌቱን አገላብጦ አየው። ጎማውን አሽከረከረ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገ። «ከውዶቹ አይደለም፣ ተራም አይደለም፤ መካከለኛ የሚባለው ነው» አለ። «ዋናው አካሉ ደግ ነው። የተሰካካበት ዕቃ ግን ከባድ ከባዱ ነው። እየነዳችው ትቆይ፤ ቀስ እያልን አንድ በአንድ እንለውጥላታለን።»

ሰዒዳ ይህቺ «አንድ በአንድ» የምትለው ቃል የት እንደምታደርሳት አላወቀችም ነበር።

ያ የመጀመሪያው ዓመት ለሁለቱም የደስታ ዓመት ሆነ። ኢልሃም ሻሿን ከሄልሜቱ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ሰፊ ሱሪዋን ቁርጭምጭሚቷ ላይ በላስቲክ ጠፍራ፣ ወፍ ሲንጫጫ ትወጣለች። ሰዒዳ ከበር ቆማ «ሱታ ዴሚ፣ ኢንተላ ኮ፤ ቀስ በይ» ትላታለች። «ቀስ ካልኩማ ምኑን እሽቅድድም ሆነ!» ብላ ትሄዳለች። በጨፋ ሜዳ፣ ማሽላው ግራና ቀኝ በቆመበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ የሚደርስባት አልነበረም። ከሁሉ የምትቀርባት ነፃነት የምትባል ልጅ ናት፤ አባቷ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ከሚሴ ተመድቦ የቀረ ሰው ነው። ነፃነት ቁመቷ ረዘም፣ ጠባይዋ ዝግ ያለ ነው። ሁለቱ ከልምምድ ሲመለሱ ሰዒዳ ቤት ገብተው የተገኘውን ይበላሉ፤ በጾም ቀን ለነፃነት ሽሮ ለብቻው ይሠራላታል።

እሑድ እሑድ ከሰዓት ብስክሌቱ ደጃፍ ላይ ይገለበጥና ይጸዳል። ሰዒዳ መጀመሪያ ቁጭ ብላ ታይ ነበር፤ ቆይታ ጨርቅ አቀበለች፤ ቆይታ ደግሞ ካቴናውን በነጭ ጋዝ ማጠብ የእሷ ሥራ ሆነ። ካቴና ሰንሰለቱ፣ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀያይረው፣ ቸርኬ ጎማ የሚታሰርበት ክብ፣ ራጂ ሽቦዎቹ መሆናቸውን ለየች። ገበያ ላይ ሴቶቹ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን ጥቁር ግሪስ እያዩ ይስቁባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር። ኢልሃም ደሴ ላይ ሁለተኛ ወጥታ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አድርጋ ስትመጣ ግን፣ ሰዒዳ ሜዳሊያውን ሦስት ቀን መደቧ ላይ ከሻሹ መካከል ሰቅላ አቆየችው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። አንድ ሰኞ ሰዒዳ ወደ ባቲ ስትሄድ፣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከሐርቡ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ዳገት ሲይዝ ልጆቹን ደረሰባቸው። ከፊት ወንዶቹ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ነፃነት። ሰዒዳ ሰማያዊውን ብስክሌት ፈለገች። ሁለት ጠመዝማዛ ወደ ኋላ ነበር። ኢልሃም ብቻዋን፣ አንገቷን ደፍታ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ ትገፋለች። ሰዒዳ መስኮቱን ከፍታ እጇን አወጣች፤ ልጅቷ ቀና አላለችም።

ማታ ጠየቀቻት።

«ብስክሌቱ ነው፣ እማ» አለች ኢልሃም። «ሜዳ ላይ አይታወቀኝም፤ ዳገት ስይዝ ከኋላ የሚጎትተኝ አለ።»

ማስረሻም በዚህ ተስማማ። «እነዚያ ቸርኬዎች ናቸው። ከብስክሌቱ ጋር የመጡት ከባዶች ናቸው፤ ሌሎቹ ልጆች ደግሞ ጎበዙ፣ ክፍተቱ ታየ። ቀለል ያለ ጥንድ ጎማ ቢገኝ...» አለ።

ሰዒዳ ኑርሁሴንን አስፈለገችው። እሱም ጅቡቲ ያሉ ዘመዶቹን አስፈለገ። ከሳምንታት በኋላ ራጂያቸው የሳሳ፣ ሲያነሷቸው እንደ ወንፊት የሚቀሉ ሁለት ቸርኬዎች መጡ። ከሚሴ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛቸው ሄደች፤ ሾፌሩ ጣራ ላይ ይጫኑ ቢላት እንቢ አለች። ኢልሃም በገጠመቻቸው ቀን የሐርቡን ዳገት ከነፃነት ጎን ለጎን ወጣች። ሰዒዳ ይህን ስትሰማ «አላህ ይመስገን፣ ነገሩስ የጎማ ነው» አለች፤ ውስጧም ረጋ።

የረጋው ለጥቂት ሳምንት ነበር። እንደገና መጎተት መጣ። አሁን ማስረሻ ካቴናው የሚዞርባቸውን የኋላ ጥርሶች አየ፤ ለዳገት የሚሆን ሰፊ ጥርስ ያስፈልጋታል አለ። ተገኘ፤ ተገጠመ። ልጅቷ እግሯን በፍጥነት እያዞረች፣ በቀላል ማርሽ፣ ዳገቱን እንደገና ወጣች። ኋላ ደግሞ ፔዳሉ ተለወጠ፣ ከነጫማው፤ ጫማው ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚያዝ ዓይነት ነው። ሰዒዳ ልኳን በክር ለክታ ነበር የገዛችው። ሁለት ወር ሳይሞላ ኢልሃም «እማ፣ ጠበበኝ» አለች። ማታ ስታወልቀው የጫማው አፍ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይታያል።

ሰዒዳ ደስ አላት። ልጄ እያደገች ነው ብላ። ኑርሁሴንን በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ አስመጣችው። እሱም ሲያቀብላት «ይቺ ልጅ አንቺን ልትደርስብሽ ነው እንዴ?» አለ፤ ተሳሳቁ።

ረመዳን ገባ። ኢልሃም ጾመች። ደረጃ ስትወጣ ብታለከልክ፣ የሌሊቱ የተሐጅጁድ ሶላት ላይ መቆም አቅቷት ብትቀመጥ፣ ጾሙ ነው ተባለ። ስትተኛ ትራስ ላይ ትራስ መደረብ አመጣች፤ ሰዒዳ «አንገትሽ ይጣመማል» ብላ አንዱን ልትወስድባት ስትል «ተይልኝ፣ እንዲህ ነው የሚሻለኝ» አለቻት፤ ተወችላት። የዚያን ሰሞን ሳይለወጥ የቀረው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ የኋላው ካምቢዮ። የነበረው አርጅቶ ማርሹን እየዘለለ አስቸግሯል። ማስረሻ «ይኼ ከተለወጠ ብስክሌቱ አለቀ፤ ደሴም ባሕር ዳርም ቢወስዷት አታፍርበትም» ብሎ ነበር። ሰዒዳ ኑርሁሴንን አዘዘችው።

ከኢድ በኋላ በመጀመሪያው ልምምድ፣ ከሐርቡ በላይ፣ ኢልሃም ወደቀች። ሰዒዳ ኋላ ከነፃነት እንደሰማችው፣ መጀመሪያ ፍጥነቷ ሞተ፣ ከዚያ ብስክሌቱ ቆመ፣ ከዚያ እንደቆመች ወደ ጎን ተደፋች፤ እግሯን ከፔዳሉ እንኳ አላላቀቀችም። ነፃነት የራሷን ብስክሌት ቦይ ውስጥ ጥላ ሮጠች። የኢልሃም ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ሲያልፍ የነበረ የእህል ጭነት መኪና አስቆሙና ይዘዋት ተመለሱ።

የከሚሴው ሐኪም ቤት ደሴ ላካቸው። ደሴ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም ልጅቷን በግራ ጎኗ አስተኝታ፣ ደረቷ ላይ ቅባት ቀብታ፣ በመሣሪያ ረጅም ጊዜ አየቻት። የምታየው ነገር መስታወቱ ላይ ይነጥራል፤ ለሰዒዳ ጭጋግ ውስጥ የሚርገበገብ ነገር እንጂ ሌላ አይታይም። ሐኪሟ ስትጨርስ ሰዒዳን ብቻዋን ወደ ሌላ ክፍል ወሰደቻት።

«ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ያማት ነበር፣ እናቴ?»

«የማን ልጅ ጉሮሮውን አያመውም?»

«ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያዋ አብጦ ያውቃል?»

ሰዒዳ አሰበች። «በዘጠኝ ዓመቷ ጉልበቷ አብጦ፣ ትኩሳትም ነበራት። ወጌሻ አሽቶላት ዳነች።»

ሐኪሟ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። «ልቧን የነካው ያኔ ነው። ልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፉ በሮች አሉ። የእሷ ሁለቱ ጠባሳ ይዘዋል፤ አንዱ በደንብ አይከፈትም፣ አንዱ በደንብ አይዘጋም። ልቧ ይህን ሁሉ ዓመት በእጥፍ ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ ደክሞታል።»

«ብስክሌቱ ነው ያመጣባት?»

«አይደለም። ብስክሌት ይህን አያመጣም።»

«ዳገት ላይ ሲደክማት ብስክሌቱ ከብዷት መስሎን...» አለች ሰዒዳ።

«ድካሙ ምልክት ነበር» አለች ሐኪሟ። «እግሯስ አብጦ አያውቅም? ጫማ አልጠበባትም?»

ሰዒዳ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ታች ግቢው ውስጥ ሰዎች ቆመው ይነጋገራሉ። ምልክቱ በመጣ ቁጥር ባቲ ወርዳ የሚያቀልለትን ዕቃ ገዝታ፣ ዝም አሰኝታው ተመልሳለች። ቸርኬው። ጥርሱ። ጫማው፣ ያውም በአንድ ቁጥር የሚበልጠው። እየሳቀች ነበር የገዛችው።

ልቧ ሊጠገን የሚችለው አዲስ አበባ ነው ተባለ፤ ወረፋው ረጅም ነው። እስከዚያ መድኃኒት፣ በየወሩ መርፌ፣ ጨው መተው፣ ደረጃ አለመውጣት።  ኢልሃም የተናገረችው መኪና ውስጥ ገብተው ኮምቦልቻን ካለፉ በኋላ ነው። ዳገቱን ቁልቁል እየወረዱ ነበር።

«እማ፣ ካምቢዮው ሲመጣ ምን እናደርገዋለን?»

«ዝም በይ፣ ልጄ።»

«አይ፣ ጠየቅኩሽ እኮ ነው።»

አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ሄዱ። ሐኪሞቹ ደግ ነበሩ፤ ግን ልቧ እጅግ ደክሟልና ለቀዶ ጥገና ትንሽ ይጠንክር፣ መድኃኒቱን እየወሰደች ትቆይ፣ እንጠራችኋለን ብለው መለሷቸው። ከሚሴ ሲገቡ ሠፈሩ ሁሉ እየመጣ ጠየቃት። ማስረሻ መጣና ከበር አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሲወጣ ሰዒዳ እስከ ደጅ ሸኘችው።

«እት ሰዒዳ፣ እኔ አሰልጣኝ ነኝ፤ ማየት ነበረብኝ» አላት።

«እኔ እናቷ ነኝ» አለች። 

ሰዒዳ ባቲ መሄድ አቁማ ነበር። ጨርቋ ሲያልቅ ግን የግድ ሆነባትና አንድ ሰኞ ልጇን ለነፃነት አደራ ብላ ወረደች። ኑርሁሴን ከሩቅ ሲያያት ተነሣ። ነገሩን ሰምቷል። ካምቢዮውን ለሌላ እንዲሸጠው ልትነግረው ነበር የሄደችው፤ አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን በዘይት ወረቀት የተጠቀለለውን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ትንሽ ነገር ናት፤ ሁለት ጥቃቅን ጎማ መሳይ ጥርሶች፣ አንድ ክንድ፣ አንድ ሞላ።

«ባትፈልጊው ሌላ ገዢ እፈልግለታለሁ» አለ። «ችግር የለውም።»

ሰዒዳ አየችው። «እሷ ታውቃለች እንደሚመጣ» አለች፤ ጨርቋ ውስጥ ሸሸገችው።

ኢልሃም ጥቅሉን ስትፈታ ፊቷ ላይ የወጣውን ደስታ ሰዒዳ ለመጨረሻ ጊዜ ከወራት በፊት ነው ያየችው። ብስክሌቱ ከግድግዳው ተነሥቶ ክፍሉ መሐል ተገለበጠ። ልጅቷ ትራሶቿን ተደግፋ ትናገራለች፤ እጆቹ የእናትየው ናቸው።

«መጀመሪያ ካቴናውን አላቂው። አይ፣ እዚያ ጋ፤ መጋጠሚያዋ ታበራለች፣ ታየሽ? እሷን። አሁን አሮጌውን ፍቺው። ወደ ግራ፣ እማ፣ ወደ ግራ ነው የሚፈታው።»

«ለሃያ ዓመት ክዳን ስፈታ ኖሬ ወደ ግራ መሆኑን ታስተምሪኛለሽ?»

«አስተምርሻለሁ። ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፊው... አታጥብቂው፣ ትንሽ ላላ ይበል።»

ከሰዓቱ በሙሉ ሄደበት። ሁለት ጊዜ ተሳስተው ፈቱት። በመጨረሻ ሰዒዳ ብስክሌቱን ፍራሹ ድረስ አስጠግታ አቆመችላት፤ ኢልሃም እጇን ዘርግታ ፔዳሉን በመዳፏ አዞረች። ጎማው ዞረ። ሰዒዳ ማርሹን ስትነካላት ካቴናው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ቀጭ እያለ ወጣ፤ ቀጭ እያለ ወረደ፤ አንዴም አልዘለለም። ኢልሃም ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር።

«አሁን አለቀ» አለች። እጇ ደክሞት ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

ሰዒዳ ግሪሱን በጨርቅ ትጠርግ ነበር።  «ኢልሃሜ፣ እኔ ነኝ። በደከመሽ ቁጥር አቀለልኩልሽ። ባላቀልልሽ ኖሮ ቶሎ ትቆሚ ነበር። ቶሎ ሐኪም እናይ ነበር።»

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ለመልሱ ትንፋሽ ማሰባሰብ ነበረባት።

«ባታቀልዪልኝ ኖሮ ያን ዳገት መች እወጣው ነበር?» አለች። «ከላይ ስትሆኚ፣ እማ፣ ሸለቆው ሙሉ ይታያል። ቦርከና ወንዝ ይታያል። አንቺ ሁሌ በመኪና ነው የምታልፊው፤ ቆመሽ አይተሽው አታውቂም።»

ኢልሃም ያረፈችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ረፋድ ላይ ነው። ሰዒዳ ጓሮ ልብስ እያሰጣች በመስኮቱ ታዋራት ነበር። ነፃነት ስለ አንድ መምህር የነገረቻትን እያወራችላት ሳለ መልስ አጣች። መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰዳት መሰላት። የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ በደንብ አስተካክላ አስጥታ ነው የገባችው፤ ኋላ ይህቺ ነገር ናት ስታቃጥላት የኖረችው።

የቀብሩ ዕለት ከሎግያ ሙሀመድአሚን ደረሰ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሰው ከተበተነ በኋላ ልጁ ትተኛበት የነበረው ክፍል ገብቶ ብስክሌቱን ለረጅም ጊዜ አየ። በጣቱ ቸርኬውን፣ ጥርሱን፣ ካምቢዮውን ነካካው፤ የመኪና ሰው ነውና ዕቃ ያውቃል።

«ይኼን ሁሉ ማን ገጠመው?» አለ።

«እኛ» አለች ሰዒዳ።

ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እሷም አላባበለችው፤ አልተቆጣችውም። ሲነጋ ወደ ሎግያ ተመለሰ።

ወራት አለፉ። ሰዒዳ ወደ ገበያዋ ተመለሰች። ሰው «ብስክሌቱን ሽጪው፣ ዓይንሽ ላይ እየተቀመጠ ይጎዳሻል» ይላት ነበር፤ ሌላው ደግሞ «ለድሃ ስጪው፣ ለእሷ ሰደቃ ይሁንላት» ይላታል። ሁሉንም «ኢንሻአላህ» ብላ ታሳልፋቸዋለች። እሑድ ከሰዓት ሲሆን ግን በሩን ትዘጋና ካቴናውን በነጭ ጋዝ ታጥባለች። ያልተነዳ ካቴና አይቆሽሽም፤ እሷ ታጥበዋለች። ጎማው እየሟሸሸ ሲሄድ ትነፋዋለች። አንድ እሑድ የቤቱን ወለል እየጠረገች ጎማው እንደገና ሟሽሾ ቸርኬው መሬት ነክቶ አየችው። ቀጭኑ ቸርኬ እንዲህ ከቆመ እንደሚጣመም ማስረሻ ነግሯታል። መንፊያውን አንሥታ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋችና አቆመች። ከዚያ ወጥታ ነፃነት ቤት ሄደች።

ነፃነት ያን የትምህርት ቤቱን ከባድ ብስክሌት ነበር እስካሁን የምትነዳው። ሰዒዳ የመጣችበትን ስትሰማ ከበሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እት ሰዒዳ፣ እኔ አልችልም። እንዴት እነዳዋለሁ? የእሷን?»

«እየተጣመመ ነው» አለች ሰዒዳ። «ዕቃው እየተበላሸ ነው፤ እኔ ነጂ አይደለሁም። ነይ አውጪው።»

ብስክሌቱን ደጅ አወጡት። ነፃነት ጎማውን ነፋች። ስትወጣበት ጉልበቷ መሪውን ሊነካ ደረሰ፤ ኮርቻው ዝቅ ብሎባታል። ወርዳ ኮርቻው የቆመበትን ቱቦ አየች። ሰዒዳም ጎንበስ ብላ አየች። ቱቦው ላይ፣ ልክ ወደ አካሉ በሚገባበት ቦታ፣ በጥቁር ቀለም የተሠመረች ቀጭን መሥመር አለች። ኢልሃም ናት ያሠመረቻት፤ ለጽዳት በፈቱት ቁጥር ቁመቱ እንዳይጠፋባት።

«እንዲሁ ልንዳው፣ ግድ የለም» አለች ነፃነት ቶሎ ብላ። «ይመቸኛል።»

«ጉልበትሽን ይጎዳሻል።»

«ግድ የለም አልኩ እኮ፣ እት ሰዒዳ።»

ሰዒዳ ገብታ መፍቻ ቁልፉን ይዛ ወጣች። ብሎኑን አላላች፤ ወደ ግራ። ኮርቻውን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። መሥመሯ ከአካሉ ተለየች፣ ወጣች፣ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ እስከ መዳፍ ስፋት ከፍ አለች። ሰዒዳ ኮርቻው ቀጥ ማለቱን በዓይኗ ለካች፤ ብሎኑን አጥብቃ አሠረች። ከዚያ መሪውን ይዛ ቆመችላት።

ነፃነት እያለቀሰች ወጣችበት። ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስትረግጠው ብስክሌቱ ከሰዒዳ እጅ ወጥቶ ሄደ፤ እንዲህ ቶሎ ይሄዳል ብላ አላሰበችም። ልጅቷ ከአስፋልቱ ደርሳ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ታጠፈች። ማርሽ ስትቀይር ቀጭ የሚለው እስከ በሩ ድረስ ተሰማ፤ ከዚያ ባጃጆቹ ዋጡት።

ሰዒዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ፋጡሜ ከአጥሩ ወዲያ «ሰዒዳ፣ ፀሐይ ላይ ምን ሆነሽ ነው? ነይ እንጂ፣ ምሳ ቀርቧል» ብላ ተጣራች።

«መጣሁ» አለች ሰዒዳ። ቁልፉን እንደያዘች ብዙ ቆየች።